የሙክታር ልጅ ሞተር ሠራ

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ቴፒ ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተር ይጮኻል፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ ከሩዙና ከቅመሙ ሽታ ጋር እየተጋፋ ወደ ተቀመጥንበት ይመጣል። ያን ሽታ ድሮ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። የት እንደሆነ ሳላስታውስ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ወንድሜ ወደ ከድር እየጠቆሙ ለወጣቶቹ ማውራት ጀመሩ።

«ይሄን ሰውዬ ታዩታላችሁ? እናንተን ሲያክል ከወዳደቀ ብረት ሞተር ሠርቶ ቴፒን ጉድ ያሰኘ ነው። የዛሬ ልጆች ስልክ ከመነካካት ሌላ ምን ታውቃላችሁ?»

ወጣቶቹ ዞረው ከድርን አዩት። ከድር ፈገግ ብሎ ለስላሳውን ጎንጨት አደረገ። «ተዉት ባካችሁ፣ ድሮ ነው» አለ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «እህታችን ሀዋ ናት የሠራችው» አልኩ። ጠረጴዛው ሙሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ አዎ፣ እሷም አብራው ነበረች» አሉና ወደ ሥጋቸው ተመለሱ።

አብራው! እኔ እዚያ ነበርኩ። ማን ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን እጁ ቆስሎ ማን ስሙ እንደተጠራ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ያቺን «አብራው» የምትባል ቃል አልቀበላትም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ አወራዋለሁ።

ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ባጃጅ ገና ቴፒ አልገባም። ሞተር ያለው ሰው ወይ የግብርና ወይ የጤና ሠራተኛ ነው፤ አለዚያ ቡና ነጋዴ። ቤተሰቦቼ እኔ ሳልወለድ ከጅማ ወገን መጥተው የሰፈሩ ናቸው። አባቴ ሙክታር ገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ሚስማር፣ ላምባ፣ የብስክሌትና የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል። ከድር ታላቃችን ነው፣ ሀዋ ትከተለዋለች፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ሀዋ አሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ነበር። አባ ወረቀቷን አየና «ማሻአላህ» አለ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ «ለሴት ልጅ ይበቃል» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስለ እሷ ትምህርት የተናገረ የለም። ከድር ግን የወደቀበትን ክፍል እየደገመ ይማር ነበር፤ ለእሱ «ይበቃል» ያለው አልነበረም።

ከጓሯችን የቡና ማስቀመጫ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ቡናው እስኪለቀም ድረስ ባዶውን ይከርማል፤ ዶሮዎች ይተኙበታል፣ የዓምናው ጆንያ ክምር ይሻግትበታል። ከጎኑ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ደግሞ አንድ የሞተ ሞተር ነበር። የወባ መከላከያ ሠራተኛ የሆነ ተከራያችን ሌላ ቦታ ሲቀየር «እንግዲህ ብረት ነው፣ ለፈለጋችሁት አድርጉት» ብሎ ትቶት ሄደ። ዝናቡ እየመታው፣ ሐረግ እየወጣበት፣ እኛ ሕፃናቱ እየተንጠላጠልንበት ኖረ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሀዋ ሐረጉን በማጭድ እየቆረጠች፣ ሞተሩን ጭቃ ለጭቃ ወደ መጋዘኑ ስትጎትት አገኘኋት። ከቀሚሷ ሥር የከድርን አሮጌ ሱሪ ለብሳለች።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልሠራት።»

«ከዚያስ?»

«ልነዳት።»

«የት?»

መጎተቷን አቁማ አሰበች። የት እንደምትነዳው ያሰበችበት አይመስለኝም። «መንገድ ላይ ነዋ» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞተሯን እንደ ላም ወይ እንደ በቅሎ «እሷ» ብላ ጠራቻት፤ እኔም ለመድኩ።

ከየት ተማረችው የሚለኝ ሰው ያበግነኛል። ከድርን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም! ሀዋ መራመድ ከጀመረች ጀምሮ ያደገችው የአባ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው የተሰበረ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፣ እሷ ከመደርደሪያው አቻውን ታወጣለች። አባ ዕቃ ሲጠፋው የሚጣራው «ሀዋ!» ብሎ ነው። ያ ተከራይ ሞተሩ በሕይወት ሳለ ሲፈታና ሲገጥም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታይ ነበር። ሰውዬው እንድትርቅ አልነገራትም፤ እንዳለች ያስተዋላትም አይመስለኝም።

ያ ክረምት ለእኔ የመጋዘኑ ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ ለመስማማት እንጮኻለን። ሀዋ እያንዳንዱን ነገር ፈታችና ጆንያ ላይ ዘረጋችው። የዛገውን ቡሎን ላምባ ውስጥ ነክራ ታሳድራለች። ጥፍሮቿ ሥር የገባው ጥቁር ቅባት በላምባም በሳሙናም አልወጣ ብሎ፣ ሊጥ ስታቦካ እናቴ «እጅሽን!» እያለች ታጉረመርማለች። እማ አልከለከለቻትም። «ቡናው ሳይገባ ጨርሺ» ብቻ አለቻት። የሀዋን ዕቃ ማጠብና ውኃ መቅዳት እኔ ወሰድኩ፤ በልዋጩ እሷ የዕቃዎቹን ስም ታስተምረኛለች። እሳት የሚጭረው ካንዴላ፣ በእጅ የሚያዘው ፍሪሲዮን፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ የማርሹ ካምቢዮ። የነቢያት ስም እንደማጥናት ነበር የምወደው።

ሁሉም አልሰመረላትም። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ከዘይት ቆርቆሮ ሠርታ ስታበቃ ከሥሩ አንጠባጠበ። እንደገና ሠራችው፤ በጎን በኩል አንጠባጠበ። አንድ ቀን መፍቻዋን ወርውራ ግድግዳውን ስትመታው ዶሮዎቹ በሙሉ እየተንጫጩ ዝናብ ላይ ወጡ፤ እሷ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ዶሮዎቹን መለሰችና እንደገና ጀመረች።

ብየዳውን የሠራልን ከመንገዱ ማዶ የብረት በር የሚሠራው ጋሽ በየነ ነው። ጋሽ በየነ የቤንች ሰው ነው። አማርኛ ያወቀው ካደገ በኋላ ስለሆነ «አንተ»ና «አንቺ»፣ «እሱ»ና «እሷ» ይቀያየሩበታል። ሀዋን «አንተ» ይላታል፣ አባን ደግሞ አንዳንዴ «አንቺ» ይለዋል፤ ማንም አይቀየመውም። በእጁ ግን የሚሳሳተው ነገር አልነበረም።

«አንተ ቁጭ በል» አላት ለሀዋ፣ በርጩማ እያቀረበ። ተቀመጠች። «እግር ዘርጋ። እጅ ዘርጋ።» ገመድ አምጥቶ ከወገቧ እስከ እጇ፣ ከጉልበቷ እስከ መሬት ለካት። «ይሄ ሞተር ረጅም ሰው ነው የነበረ። አንተ አጭር ነህ። እንቆርጠዋለን።»

እሷ የት እንደሚቆረጥ በጠመኔ አሰመረች፣ እሱ ቆረጠ። መቀመጫው ዝቅ አለ፣ መሪው ወደ ኋላ ተሳበ፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ላይ ወጣ። መቀመጫውን ከድሮ ሶፋ ቆዳ ራሷ ሰፋችው። ቀለሙ የሱቃችን በር ከተቀባበት የተረፈ አረንጓዴ ነው። ስታበቃ ሞተሯ ሌላ ቦታ የማትገኝ፣ ለሀዋ ገላ ብቻ የተሰፋች ቀሚስ መሰለች።

ገና ሳትነሳ ወሬዋ አጥር ዘለለ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ባላቸው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑ ሴትዮ፣ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ እማን ሲያናግሩ ሰማሁ።

«ነግሬሻለሁ፣ አንፈራጣ ከተቀመጠች ትበላሻለች። አንዴ ከተበላሸች ደግሞ ማን ይወስዳታል?»

ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ሥራ! እየሮጥኩ መጋዘን ገባሁ። «ሀዋ፣ እትዬ አስካለ ምን አሉ መሰለሽ፣ አንፈራጠሽ ከተቀመጥሽባት ሞተሯ ትበላሻለች፣ ከተበላሸች ደግሞ የሚገዛት የለም!»

ሀዋ መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ሞተሯን አይደለም ያሉት» አለች። «እኔን ነው።»

«አንቺ እንዴት ነው የምትበላሺው?»

«እንጃ። እነሱን ጠይቂያቸው።»

እማን ሄጄ ጠየቅኳት፤ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።  ዛሬ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ካላወቅኩበት ጊዜ ይልቅ አሁን ያናድደኛል።

ሞተሯ የተነሳችው ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ነው። ሀዋ ደጋግማ ረገጠቻት። ሳል የያዘው ሽማግሌ ይመስል አክ አክ አለች፤ ከዚያ ድንገት መጋዘኑን ሰማያዊ ጭስ ሞላው፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ጆሮዬን ይዤ እየጮህኩ ወጣሁ። ሀዋ ወጣችባትና ግቢውን ዞረች። በአቮካዶው ሥር፣ በጉድጓዱ ጎን፣ በኩሽናው በር። እማ ወንፊት እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሀዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ጭቃው ጥርሷ ላይ ይረጫል። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

አባ ድምፁን ሰምቶ ከሱቅ እየተጣደፈ መጣ። ይመታታል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን በሞተሯ ዙሪያ ቀስ ብሎ ተራመደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ መቀመጫውን በመዳፉ ዳበሰ። «ሱብሃነላህ» አለ። ዓይኑ ውስጥ ኩራት ነበር፤ ይሄን አልክድበትም። ከዚያ ቀና ሲል አጥሩ ላይ የተደረደሩትን የጎረቤት ራሶች አየ። ኩራቱን የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው መሰለኝ። ከድር በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ከድር፣ ና እስቲ ውጣባት» አለው።

ከድር ሞተር ነድቶ አያውቅም። ወጣባትና ወዲያው ጠፋችበት። ሰው ሳቀ።

«አሳዪው» አላት አባ ለሀዋ። «አንቺ ግቢ ውስጥ እንደፈለግሽ ንጂ። ከአጥር ውጭ ግን እሱ ነው።»

«አባ፣ ለእኔ ነው የሠራኋት። ለእሱ ትጠበዋለች።»

«እኔ ደግሞ አባትሽ ነኝ። በመንገድ ላይ ስምሽን የሚያነሳ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ስሟን የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር! ምኞቱ ሞላለት፤ እስከ ዛሬ ስሟን የሚያነሳ የለም።

ሀዋ ወንድሟን መንዳት አስተማረችው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ፍሪሲዮኑን እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚለቅ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ አሳየችው። አንዴም አልጮኸችበትም። ሲችል ወጥቶ ሄደ። ከድር ረጅም ነው፤ ሲቀመጥባት ጉልበቶቹ መሪው ጋ እየደረሱ ክርኑን ይመቱታል። ፌንጣ ብስክሌት ላይ የወጣ ይመስል ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ አየው። «ይሄ ሰው ራሱ ለራሱ ከሠራት ጉልበቱን የት ሊያደርገው ነበር?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ!

ከተማው «የሙክታር ልጅ ሞተር ሠራ» ማለት ጀመረ። እንጀራ ሻጯ ትላለች፣ ሹፌሮቹ ይላሉ። እኔ ሞኟ ስለ ሀዋ የሚያወሩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። «ልጅ» ማለት ለእኔ ሁላችንም ነን፤ ሠራ ማለታቸውን ደግሞ እንደ ጋሽ በየነ አማርኛ ቆጥሬው ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን «የሙክታር ልጅ ሞተር ሠራ አሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ቲቸር! እህቴ ሀዋ ናት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪው የተሳሳተ ሒሳብ እንደሚያርሙ ሁሉ ረጋ ብለው «ወንድምሽ ማለትሽ ነው» አሉኝ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ቆሜ ቀረሁ። የማውቀውን ነገር አላውቀውም ተባልኩ።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ኳስ ሜዳው ላይ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ የሚታይበት ቀን ተዘጋጀ። የወንበርና የሞንታርቦ ሰልፍ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ። አንዱ ከሸክላ የተሠራ ምድጃ አመጣ፣ ሌላው ከቀርከሃ አልጋ። ከድር አረንጓዴዋን ሞተር እየነዳ ሲገባ ሜዳው በፉጨት ተናወጠ። ማይክሮፎን የያዘው ሰው «ሐሳቡ ከየት መጣልህ?» አለው።

እኔ፣ እማና ሀዋ ከሴቶቹ መሃል ቆመናል። ከድር ማይክሮፎኑን አየ፣ ሕዝቡን አየ። አሁን ይናገራል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። እምለው እውነቴን ነው፣ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር።

«ከ... ከራሴ» አለ።

ጭብጨባ ሆነ። ሬዲዮ ሸለሙት። ሀዋ እጇን ሻርፗ ሥር ደበቀች፤ ጥፍሮቿ አሁንም ጥቁር ነበሩ። እማ እጇን በሻርፑ ሥር አስገብታ ያዘቻት፤ ሁለቱም አልተያዩም።

ቤት ስንገባ ሀዋ ከድርን በር ላይ ጠበቀችው። «ከራስህ?»

«ሀዋ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ምን ልበል? እህቴ ናት ብል እንኳ ማን ያምነኛል?»

«ሳትለውማ ማን ይመን?»

አባ በመሃል ገባ። «ምን አጨቃጨቃችሁ? የቤታችን ስም ነው የተጠራው። የእሱ ሆነ የአንቺ፣ ያው የእኔ ነው።»

ከድር ሬዲዮውን ሀዋ መኝታ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ሀዋ አልከፈተችውም። ለእማ ሰጠቻት፤ እማ ጎመን እየቀነጠሰች ዜና ሰማችበት።

በማግስቱ ሌላ ወሬ መጣ። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጡ «የወጣቱን ሞተር» ቤቱ ድረስ ሄደው ሊያዩ ነው፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። አባ ግቢውን አስጠረገ፣ ወንበር ተዋሰ።

ዓርብ ወንዶቹ መስጊድ እንደሄዱ ሀዋ የቡና ማስጫውን ሸራ አምጥታ መሃል ግቢ ዘረጋች። መፍቻዎቿን ደረደረች። ሞተሯን መፍታት ጀመረች። እንደ ተናደደ ሰው አልነበረም የፈታችው፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በጨርቅ እየወለወለች፣ በረድፍ በረድፉ አስቀመጠችው። ጎማ፣ ሰንሰለት፣ መሪ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮኑ ቅጠል በቅጠል፣ ካንዴላው፣ ቡሎኖቹ እንደ ቡና ፍሬ ተለቅመው። እማ ከኩሽና በር አየቻት። «ያ ረቢ» አለች፤ ግን አላስቆመቻትም፤ እንዲያውም ሸራው እንዳይንከባለል ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫነችላት።

አባ እንግዶቹን ይዞ ገባ፤ ከኋላቸው ከድር። ሁሉም ሸራው ጫፍ ላይ ቆሙ። ሀዋ ተነስታ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ከድር ነው የሠራት ብላችኋል» አለች። ወደ ሸራው ጠቆመች። «ይኸው፤ አንድ ዕቃ አልጎደለም። ከድር ይግጠማት።»

ያኔ ሰማይ የሚወርድ መሰለኝ። እውነቱ አሁን ይወጣል፣ ከዚህ ወዴት ያመልጣሉ ብዬ ነበር። አባ ግን ነጋዴ ነው። ሳቅ አለና እጁን በሸራው ላይ ዘርግቶ «ክቡርነትዎ፣ የውስጥ ክፍሎቿን ለየብቻ እንዲመለከቱ ብለን ነው የዘረጋናት» አላቸው።

«እጅግ በጣም ጥሩ!» አሉ እንግዳው። «እንዲህ ነው ሥራን ማስጎብኘት!» ለከድር አንዱን ዕቃ እየጠቆሙ «ይቺ ምንድን ናት?» አሉት። ከድር አጎንብሶ አነሳት፤ አገላበጣት። ላቡ ይንጠባጠባል። ወደ ሀዋ አየ፤ «ሀዋ...» አለ፣ ውኃ እንደሚለምን ሰው። እሷ እሱን ሳይሆን ሸራውን ታይ ነበር።

ይሄን ጊዜ ጋሽ በየነ ከአጥሩ ውጭ ተጣራ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያየናል። «እሱ ነው!» አለ። «ጌታዬ፣ እሱ ነው የሠራው! እኔ አይቻለሁ! እሱ ነው!» ክንዱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ሀዋን ነው የሚያሳየው። ፊቱ በቁጣ ቀልቷል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለእህቴ የመሰከረላት ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

እንግዳው ዞረው በደስታ ሳቁ። «ይኸው፣ ጎረቤትም መሰከረ!» አሉና የከድርን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ጣቱን ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው! ሌላ ምንም አይደለም፤ ጣቱ የሚያሳየውን ማየት። ሰውየው የተማሩ ናቸው፣ መነጽር አድርገዋል፤ ከፊታቸው እጇ ክርኗ ድረስ በቅባት የጠቆረ ልጅ ቆማለች። ከድር ደግሞ ለጁምዓ የለበሰው ነጭ ጀለቢያ ላይ አንዲት ነጥብ የለችበትም። ከዕቃዎቹ ጀርባ ከድርን አቁመው ፎቶ አስነሱት። ሻይ ጠጡ። «ወጣቶች በርቱ» ብለው ሄዱ። ጋሽ በየነ አጥሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ምንም አላጠፋም።

ሰው ከወጣ በኋላ አባ «አሳፈርሽኝ» አላት።

«እኔ ነኝ ያሳፈርኩህ?» አለች ሀዋ።

«ግጠሚያት።»

«ከአጥር ውጭ የምነዳት ከሆነ እገጥማታለሁ።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ትቀመጥ።»

ተቀመጠች። ቡናው ደረሰ፤ መጋዘኑ ለቡና ተፈለገ። ግቢያችን የእርጥብ ቡና ገለባ ሽታ ሸተተ፤ ንብና ዝንብ ወረረን። ዕቃዎቹ በጆንያ ገብተው ደጅ፣ በመጋዘኑ ጠፈጠፍ ሥር ተቀመጡ። አባና ሀዋ በእማ በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ጆንያዎቹ የሉም። አባ የከተማው ዳር ላይ ጋራዥ ላለው ለአንድ ሚካኤል ለሚባል ሰውዬ ሸጧቸዋል። ለሀዋ አልነገራትም። ጆንያዎቹ የነበሩበት ደረቅ ቦታ ላይ ቆማ አየኋት፤ አላለቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ሚካኤል ጆንያዎቹን በጋሪ አስጭኖ ወደ ሱቃችን ተመልሶ መጣ። እኔ ለአባ ምሳ አድርሼ እዚያው ነበርኩ።

«ሙክታር፣ ይሄ ዕቃ ከማውቀው ሞተር ጋር አይሄድም» አለ። «ሁሉም ነገር ተቆርጧል፣ ተቀይሯል። እስቲ የሠራውን ልጅ ስጠኝ፣ ቆሞ ያስገጥመኝ።»

አባ የሚመዝነውን ሚስማር ሚዛኑ ላይ ተወው። በሩን አየ፤ ሰው የለም። «ሰሚራ፣ እህትሽን ጥሪያት» አለኝ።

የሚካኤል ፈገግታ ቀዘቀዘ። «እህትሽን?»

«እሷ ናት የሠራችው» አለ አባ። ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የሰማነውም እኔና ሚካኤል ብቻ።

ሀዋ መጣች። ጆንያዎቹን ከፍታ አየች። «እገጥማታለሁ» አለች። «እኛ ግቢ ነው የምገጥማት። ስጨርስ ራሴ ነድቼ ጋራዥህ አደርስልሃለሁ። በዋናው መንገድ፣ በገበያ ቀን።»

ሚካኤል አባን አየ። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ትድረስልኝ እንጂ።»

አባ ወደ ሚዛኑ ዞሮ ሚስማሩን መመዘን ቀጠለ። በቤታችን የአባ ዝምታ እሺታ ነው።

በገበያው ቀን ጠዋት ሀዋ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ እኔን ከኋላዋ አስቀመጠች፣ እማ የግቢውን በር በሁለት እጇ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወጣን። ጉልበቷ መሪውን አልነካውም፤ እግሯ የትም ሳይፈልግ ማሳረፊያውን አገኘ። በዝንጅብል ሻጮቹ፣ በሙዝ ክምሩ፣ በቡና መዛኞቹ መሃል እየጮህን አለፍን። ሰው መንገድ ለቀቀ። አንዳንዱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጋሽ በየነ ከእሳቱ ላይ ቀና ብሎ «ሂድ! ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ሀዋን ወገቧን አቅፌ ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አላውቅም። ጋራዡ ጋ ስትደርስ አጠፋቻት፣ ቁልፏን ለሚካኤል ሰጠችው፣ መቀመጫውን አንዴ ዳሰሰችና ዞራ መራመድ ጀመረች።

በእግራችን ተመለስን፤ ጭቃው ጫማችንን ይይዛል። በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ተጣራች።

«ሀዋ! የወንድምሽን ሞተር ሸጣችሁት እንዴ?»

ሀዋ ቆመች። «የወንድሜን አይደለም» አለች ጮክ ብላ። «የእኔን ነው የሸጡት።»

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሹፌር ጠየቃት። ለእሱም ያንኑ አለችው። ከዚያ ለእንጀራ ሻጯ። ከዚያ አጥራቸው ላይ ለቆሙት ለእትዬ አስካለ፤ እሳቸው እንኳ ገና አልጠየቋትም ነበር። ድምጿ በእያንዳንዱ ሰው እየጨመረ ሄደ እንጂ አልቀነሰም።

አባ በራችን ላይ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አደረሳችኋት?» አለ፣ ሳያየን።

«የእኔን ሞተር አድርሼ መጣሁ» አለችው ሀዋ፣ ሁለቱ ሰዎች እየሰሙ።

አባ ተነሳ። በርጩማውን ከበሩ ላይ ሳብ አድርጎ አሳለፈን።